ፎር በሬንጅ፣ ዋይል ወይስ ቀጥታ ሊስቱ ላይ? ቁጥር በቁጥር ለመዞር የትኛውን ሉፕ እንያዝ

ፓይተን ጀምራችሁ ቫሪያብልና ኢፍ ካለፋችሁ በኋላ ግራ የሚያጋባው የመጀመሪያው ነገር ሉፕ (አንድን ስራ ደጋግሞ ማሰራት) ነው፣ ሉፑ ራሱ ከብዶ ሳይሆን አንዱን ስራ በአራት በአምስት መንገድ መስራት ስለሚቻል ነው። ከ1 እስከ 10 ፕሪንት አድርጉ ሲባል አንዱ ቪዲዮ በዋይል ያሳያችኋል፣ ሌላው በፎርና በሬንጅ፣ ሶስተኛው ደግሞ ቅንፍ ውስጥ ከቶ በአንድ መስመር ይጨርሰዋል፣ ሁሉም ደሞ ትክክለኛ መልስ ያወጣሉ። እዚህ አዳማ ጀማሪዎችን ሳግዝ በብዛት የምሰማው ጥያቄም ይሄው ነው፣ "ሁሉም ከሰራ የቱን ልያዝ?"

የኔ መልስ እንዲህ ነው። ስንት ጊዜ እንደሚዞር ሉፑ ሳይጀምር በፊት የምታውቁ ከሆነ ፎር በሬንጅ። መቼ እንደሚያቆም እየሄደ የሚታወቅ ከሆነ ዋይል። ቁጥሮቹ ድሮውንም ሊስት (ብዙ ዋጋ በተራ የሚይዝ ዝርዝር) ውስጥ ተቀምጠው ካሉ ደግሞ ሬንጅም ዋይልም ሳትጨምሩ ቀጥታ ሊስቱ ላይ ፎር። የቀረው በሙሉ የነዚህ ማብራሪያ ነው፣ ግን ማብራሪያው ውስጥ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች ስላሉ ቸኩላችሁ አትለፉት።

ኮዱን ከማየታችን በፊት አንድ ነገር፦ ፎር፣ ኢን፣ ሬንጅ፣ ዋይል፣ ፕሪንት የሚሉትን ትዕዛዞች ኮምፒውተራችሁ ወይ ስልካችሁ ላይ የምትጽፏቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ እኔ እዚህ የጻፍኩት በአፍ እንደምንጠራቸው ነው። እናንተ የምታወጡላቸው ስሞች ግን (ተርባይን፣ ብር፣ ወር የመሳሰሉት) ፓይተን 3 ላይ በራሳችን ፊደል ቢጻፉም ምንም አይሉም፣ ይሰራሉ። ሞክሩት፣ ደስ ይላል።

ፎር በሬንጅ

ወደ አዳማ ስትገቡ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን የንፋስ ተርባይኖች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። የአዳማ 1 ፕሮጀክት 34 ተርባይን ነው ያለው፣ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋዋት። ለእያንዳንዳቸው ቁጥር እንስጥ ብንል፦

ፎር ተርባይን ኢን ሬንጅ(1, 35):
    ፕሪንት(ተርባይን)

በቃ፣ ከ1 እስከ 34 ያወጣል። 34 ነው ያልነው፣ 35 ከየት መጣ? የሬንጅ ህግ መነሻውን ይጨምራል፣ መድረሻውን አይጨምርም። ሬንጅ(1, 34) ብትሉ 33 ላይ ይቆምና አንድ ተርባይን ይጎድላችኋል፣ ኤረር ደግሞ አይሰጥም፣ ለዛ ነው አደገኛው፣ ፕሮግራሙ ሰርቶ መልሱ ብቻ በአንድ ይሳሳታል።

ብዙ ሰው ይሄን እንደ ፓይተን ክፋት ያየዋል፣ እኔ ግን ስትለምዱት ትወዱታላችሁ ባይ ነኝ። 34ቱን ተርባይን ለሁለት ሰው እኩል አካፍሉ ቢባል ለአንዱ ሬንጅ(1, 18) ለሌላው ሬንጅ(18, 35) ትሰጣላችሁ፣ 18 ቁጥሩ የአንዱ መጨረሻ የሌላው መጀመሪያ ሆኖ ይጋጠማል፣ የሚደገምም የሚዘለልም ተርባይን የለም፣ ስንት ስንት እንደደረሳቸው ለማወቅም መቀነስ ብቻ ነው፣ 18 ሲቀነስ 1 ያው 17፣ 35 ሲቀነስ 18 ያው 17። ኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1982 በጻፈው አጭር ማስታወሻ ላይ ቁጥሮችን በዚህ አይነት መንገድ መያዝ ለምን እንደሚሻል ተከራክሯል፣ ዜሮ ላይ መጀመርንም አብሮ። ስለዚህ ፓይተን ብቻውን ያመጣው ነገር አይደለም።

ሬንጅ አንድ ቁጥር ብቻ ከተሰጠው ከዜሮ ይጀምራል። ሬንጅ(34) ማለት ከ0 እስከ 33 ነው፣ ቁጥራቸው 34 ነው ግን 34 የሚባል ቁጥር ውስጡ የለም። ስራውን 34 ጊዜ መድገም ብቻ ከፈለጋችሁና ቁጥሩን ራሱን ካልተጠቀማችሁበት ይሄኛው ይበቃል። ቁጥሩ ለሰው የሚታይ ከሆነ ግን ከ1 ጀምሩ፣ ተርባይን ቁጥር 0 ብሎ የሚጠራ ሰው የለም።

ሶስተኛው ቁጥር እርምጃው ነው። ጳጉሜ 6 የምትሆንባቸውን ዓመታት ላውጣ ካላችሁ በየ4 ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ነው የምትመጣው፣ 2015 ላይ ነበረች፣ ቀጣዩ 2019 ነው፦

ፎር ዓመት ኢን ሬንጅ(2011, 2032, 4):
    ፕሪንት(ዓመት)

2011፣ 2015፣ 2019፣ 2023፣ 2027፣ 2031። መድረሻውን 2031 ብታደርጉት 2031 ራሷ ትቀራለች፣ ያው የቅድሙ ህግ ነው። በነገራችን ላይ የኛን ወሮች መዞር ከፈለጋችሁ ሬንጅ(1, 14) ነው፣ ከውጭ ቪዲዮ ላይ ሬንጅ(1, 13) የሚለውን ገልብጣችሁ ጳጉሜን እንዳትጥሏት።

ወደ ኋላ ለመቁጠር እርምጃው ኔጌቲቭ ይሆናል፣ ሬንጅ(10, 0, -1) ከ10 እስከ 1 ይወርዳል። እዚህ ጋ በደንብ አስተውሉ፦ -1ን ረስታችሁ ሬንጅ(10, 0) ብትሉ ፓይተን አይቆጣም፣ ኤረርም የለም፣ ምንም ሳያወጣ ዝም ብሎ ያልፋል። ከ10 ተነስቶ ወደ ላይ እየሄደ 0 ላይ ሊደርስ ስለማይችል ባዶ ነው ማለት ነው። ሉፓችሁ ውስጥ ያለው ነገር ጭራሽ አልሰራ ሲላችሁ መጀመሪያ የሬንጁን አቅጣጫ እዩ።

ሬንጅ ቁጥሮቹን ሁሉ ሰርቶ ሜሞሪ ላይ አይከምርም፣ መነሻ መድረሻና እርምጃውን ብቻ ይዞ ሲጠየቅ አንድ አንድ እያለ ይሰጣል፣ ስለዚህ ሬንጁ እስከ 10 ቢሆን እስከ አንድ ቢሊዮን የሚይዘው ቦታ ያው ነው። ይሄ ለፓይተን 3 ነው። ኤክስሬንጅ የሚል ነገር ያለበት ቪዲዮ ካጋጠማችሁ ፓይተን 2 ነው፣ ድጋፉ እ.ኤ.አ. 2020 መጀመሪያ ላይ አብቅቷል፣ ሌላ ፈልጉ።

ዋይል

ዋይል የሚበልጥበት ቦታ አለ፣ እሱም ስንት ዙር እንደሚሆን ቀድሞ የማይታወቅበት ነው። አንዲት ተማሪ 45,000 ብር የሚሸጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት መቆጠብ ፈለገች እንበል፣ በመጀመሪያው ወር 2,000 ታስቀምጣለች፣ ከዛ በየወሩ 500 ብር እየጨመረች ትሄዳለች። በስንት ወር ይሞላላታል?

ብር = 0
ቁጠባ = 2000
ወር = 0
ዋይል ብር < 45000:
    ብር = ብር + ቁጠባ
    ቁጠባ = ቁጠባ + 500
    ወር = ወር + 1
ፕሪንት(ወር, ብር)

መልሱ 11 እና 49500 ነው፣ ማለትም በ10ኛው ወር 42,500 ላይ ነበረች፣ በ11ኛው አለፈችው። እዚህ ላይ ሬንጅ ውስጥ ምን ቁጥር ትከታላችሁ? 11ን ለማወቅ አይደል ፕሮግራሙን የጻፋችሁት። ለዚህ አይነት ነገር ዋይል የተፈጠረ ነው።

ሌላው የዋይል ቦታ ተጠቃሚ እየጻፈ ሲያስገባ ነው። ባለሱቁ የእቃ ዋጋ አንድ በአንድ ያስገባል፣ 0 ሲጽፍ ድምሩ ይወጣለታል፣ ደንበኛው ሁለት እቃ ይግዛ ሃያ ማንም አያውቅም። ዋይል ትሩ (ሁሌም ዙር ማለት ነው) ብላችሁ 0 ሲመጣ በብሬክ (ሉፑን በሚያቋርጠው ትዕዛዝ) መውጣት ነው።

ግን ያንኑ 34 ተርባይን በዋይል ስንጽፈው እዩት፦

ተርባይን = 1
ዋይል ተርባይን <= 34:
    ፕሪንት(ተርባይን)
    ተርባይን = ተርባይን + 1

ይሰራል፣ መልሱም ያው ነው። ነገር ግን መነሻውን የምታስቀምጡት ከሉፑ በላይ፣ ማቆሚያውን ሉፑ አናት ላይ፣ ጭማሪውን ደግሞ ሉፑ ሆድ ውስጥ ነው፣ ሶስት ቦታ ተበትኗል፣ ከሶስቱ አንዱ ከተረሳ ነገሩ ይበላሻል። በብዛት የሚረሳው የመጨረሻው መስመር ነው፣ ወይ ጭራሽ አይጻፍም ወይ ደግሞ ይጻፍና ኢንደንቱ (መስመሩ ሲጀምር ያለው ክፍተት) ይወጣል፣ ከፕሪንት ጋር እኩል መግባት ሲገባው ከዋይል ጋር እኩል ይሆናል። ያኔ ፓይተን ያንን መስመር ከሉፑ በኋላ የሚሰራ አድርጎ ያየዋል፣ ሉፑ ደግሞ አያልቅም፣ ስክሪኑ ላይ 1 1 1 1 1 እያለ ይወርዳል። ስልክ ላይ በፓይድሮይድ (ፓይተን የሚያሰራ የስልክ አፕ) የሚማር ሰው ላይ ይሄ ሲደርስ ይደነግጣል፣ ስልኩም ይሞቃል፣ በተለይ በአዳማ ሙቀት። አትደናገጡ፣ ማቆሚያውን መንካት ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ኮንትሮልን (Ctrl) ይዛችሁ የ"ሲ"ን (C) ፊደል መጫን፣ ምንም የሚበላሽ ነገር የለም።

አንድ የካምፓስ ፍሬሽማን ልጅ ኮዱን አምጥቶ "ወንድሜ፣ ይሄ ለምን አይቆምም?" ሲለኝ መልሱን አልነግረውም፣ ወረቀት አውጣ ነው የምለው። ወረቀቱ ላይ ሁለት አምድ ይሰራል፣ አንዱ የተርባይን ዋጋ፣ አንዱ "ከ34 ያንሳል ወይ እኩል ነው ወይ?" የሚለው፣ ከዛ እንደ ኮምፒውተሩ ሆኖ መስመር በመስመር በእጁ ይሞላዋል። ሶስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ያው 1 እንደሆነ ራሱ ያየዋል። ሉፕ ላይ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላየሁም፣ ደጋግማችሁ ስሩት።

ዋይልን መጀመሪያ ማስተማር አለብን የሚሉ አስተማሪዎች አሉ፣ ሉፕ ውስጡ እንዴት እንደሚሄድ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል ይላሉ፣ ያ እውነት ነው፣ ለዛም ነው ወረቀት ላይ የማሰራው። ግን ዕለት ዕለት ለመቁጠር ዋይልን መልመድ ጥሩ አይደለም፣ ሰው መጀመሪያ የለመደውን ነው ይዞ የሚቀረው፣ ፎር እያለ ሁሉን ነገር በዋይል የሚጽፍ ሰው ኮዱ ይረዝምበታል፣ የማይቆም ሉፕም ደጋግሞ ያጋጥመዋል።

ሲፕላስፕላስ ተምራችሁ ለመጣችሁ

ብዙ የካምፓስ ተማሪ መጀመሪያ የሚነካው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሲፕላስፕላስ (C++) ስለሆነ ይሄን ለብቻው ላንሳው። እዛ ፎር ውስጥ መነሻ፣ ማቆሚያና ጭማሪ በሴሚኮለን ተለያይተው አንድ መስመር ላይ ይቀመጣሉ፣ ፓይተን ላይ ሶስቱ የሬንጅ ሶስት ቁጥሮች ሆኑ ማለት ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ሲፕላስፕላስ ላይ ሉፑ ውስጥ ሆናችሁ ቆጣሪውን በእጃችሁ ብትቀይሩት ሉፑ ከቀየራችሁበት ይቀጥላል፣ ለመዝለል የሚጠቀሙበት አሉ። ፓይተን ላይ ይሄ አይሰራም። ፎር አይ ኢን ሬንጅ(10) ብላችሁ (አይ እዚህ የቆጣሪው ስም ነው፣ እንግሊዝኛው i) ውስጡ አይ = አይ + 3 ብትሉ ለዛ ዙር ብቻ ይቀየራል፣ ቀጣዩ ዙር ሲመጣ ሬንጅ ተራው የደረሰውን ቁጥር ሰጥቶ ከላይ ይጽፍበታል። ለመዝለል ከፈለጋችሁ እርምጃውን ሬንጁ ላይ አስቀምጡ፣ ዝላዩ እንደሁኔታው የሚለያይ ከሆነ ደግሞ ያኔ ዋይል ተጠቀሙ።

ቁጥሮቹ ሊስት ውስጥ ካሉ

የአንድ ባጃጅ ከሰኞ ጀምሮ የስድስት ቀን ገቢ ተመዝግቧል፦

ገቢ = [850, 920, 700, 1100, 640, 1300]

ጀማሪው እዚህም ሬንጅን ያመጣል፦

ፎር አይ ኢን ሬንጅ(ሌን(ገቢ)):
    ፕሪንት(ገቢ[አይ])

ይሰራል ግን ዙሪያ ጥምጥም ነው። መጀመሪያ በሌን የሊስቱን ርዝመት ጠየቀ፣ ከዛ እስከዛ ድረስ ቁጥር ፈጠረ፣ ከዛ በቁጥሩ ተመልሶ ሊስቱ ውስጥ ገባ፣ ገንዘቡ ግን መጀመሪያውኑ እዛው ነበር። እንዲህ በሉት፦

ፎር ብር ኢን ገቢ:
    ፕሪንት(ብር)

ሁለተኛውን የሚያነብ ሰው "ለእያንዳንዱ ብር ገቢ ውስጥ" ብሎ ሳያስበው ይረዳዋል። የመጀመሪያው ደግሞ ስህተት ይጋብዛል፣ ሰዉ ከ1 መቁጠር ስለለመደ ሬንጅ(1, 7) ይልና የሰኞውን 850 ይዘለዋል፣ ምክንያቱም ሊስት ከ0 ነው የሚጀምረው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ገቢ[6] ሲፈልግ የለም፣ ኢንዴክስ ኤረር (የሌለ የቦታ ቁጥር ጠየቃችሁ የሚል) ይመጣል። ይሄ ኤረር ቢያንስ ይጮሃል፣ የተዘለለው ሰኞ ግን ድምጹ የለውም።

ቀኑም ገንዘቡም አብረው ከተፈለጉ ኢኑመሬት አለ፦

ፎር ቀን, ብር ኢን ኢኑመሬት(ገቢ, 1):
    ፕሪንት(ቀን, ብር)

1 850፣ 2 920 እያለ ይሄዳል፣ ያቺ 1 መቁጠሪያውን ከየት እንደሚጀምር ነው የምትነግረው። ጀማሪ ትምህርቶች ብዙ ጊዜ ኢኑመሬትን ወደ ኋላ ያስቀምጡታል፣ እኔ ከሊስት ጋር አብሮ መማር አለበት ባይ ነኝ።

ሬንጅ ከሌን ጋር የሚያስፈልግበት ቦታም አለ፣ ጭራሽ አይነካ አልልም። የዛሬውን ገቢ ከትናንቱ ጋር ለማነጻጸር ገቢ[አይ] እና ገቢ[አይ - 1] ሁለቱም ስለሚያስፈልጉ ሬንጅ(1, ሌን(ገቢ)) ትላላችሁ፣ ከ1 የጀመረው ሰኞ ከፊቱ ቀን ስለሌለው ነው። ሊስቱ ውስጥ ያለውን ዋጋ ራሱን እዛው መቀየር ከፈለጋችሁም ኢንዴክሱ ያስፈልጋል።

እና ደግሞ፣ አንዳንዴ ሉፕ ጭራሽ አያስፈልግም። ድምር ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት ሳም(ገቢ) 5510 ብሎ ይመልሳል፣ ትልቁን ማክስ ይነግራችኋል። ተርባይኖቹም እንደዛው ናቸው፣ የ34ቱን አቅም ለማወቅ በሉፕ 1.5 እየደመሩ መሄድ አያስፈልግም፣ 34 * 1.5 ያው 51 ሜጋዋት ነው፣ የአዳማ 2ቱን 102 ተርባይን ስትጨምሩ 153 ተደምሮ 204። ማባዛት የሚጨርሰውን በሉፕ አትስሩ።

በአንድ መስመር የሚጻፈው

[ቁ * ቁ ፎር ቁ ኢን ሬንጅ(1, 11)] ብላችሁ ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች ስኩዌር በአንድ ሊስት ታገኛላችሁ። ያምራል፣ አጭር ነው፣ አዲስ ሊስት መስራት ስትፈልጉ ጥሩ ምርጫ ነው። ለፕሪንት ግን አትጠቀሙበት፣ ውስጡም ሁለት ሶስት ኢፍ አትጎስጉሱበት። ተራውን ፎር ሳታዩ መጻፍ እስክትችሉ ድረስ ብታቆዩት ይሻላል፣ ተራው ከገባችሁ ይሄ በአንድ ቀን ይገባል።

በነጥብ ቁጥር መዞር

ከ0 እስከ 1 በ0.1 እየጨመርኩ ልሂድ ያላችሁ እንደሆነ ሬንጅ እምቢ ይላል፣ ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው። ያኔ ሰዉ ወደ ዋይል ይሮጣል፦

ኤክስ = 0.0
ዋይል ኤክስ != 1.0:
    ፕሪንት(ኤክስ)
    ኤክስ = ኤክስ + 0.1

ይሄ አይቆምም። ኮምፒውተሩ ቁጥር የሚይዘው በሁለት ቤት (ባይነሪ፣ በ0 እና በ1 ብቻ) ስለሆነ 0.1ን ልክ አድርጎ መያዝ አይችልም፣ የሚይዘው በጣም የቀረበውን ነው፣ አስር ጊዜ ሲደመር 1.0 ሳይሆን 0.9999999999999999 ይሆናል፣ ቀጥሎ 1.0ን ዘሎ ያልፋል፣ ሉፑም እኩል እስኪሆን ሲጠብቅ ይኖራል። 1.5 ላይ ይሄ ችግር የለም፣ አንድ ከግማሽ በሁለት ቤት በትክክል ይጻፋል፣ ለዛ ነው አንዱ ሰርቶላችሁ ሌላው እምቢ የሚላችሁ። መፍትሄው በሙሉ ቁጥር መዞርና ውስጥ ገብቶ ማካፈል ነው፦

ፎር አይ ኢን ሬንጅ(11):
    ፕሪንት(አይ / 10)

0.0፣ 0.1፣ 0.2 እያለ 1.0 ላይ በሰላም ይደርሳል። ዳታ ሳይንስ ውስጥ ስትገቡ ናምፓይ (ለቁጥር ስራ የተዘጋጀ የፓይተን ላይብረሪ) ላይ ሊንስፔስ የሚባል አለ፣ ለዚሁ ስራ የተዘጋጀ ነው፣ እስከዛው ይሄ ይበቃችኋል።

ሁለቱም የሚሆኑበት ጊዜ

የመጨረሻው፣ ዋይልም ፎርም የሚያስኬድበት ቦታ። ያቺው ላፕቶፕ ፈላጊ ልጅ "ከአንድ ዓመት በላይ ግን አልጠብቅም" ብትልስ? አሁን መቼ እንደሚሞላ አናውቅም፣ ጣሪያውን ግን እናውቃለን፣ 12 ወር ነው (ጳጉሜ ደሞዝ ስለሌላት አልቆጠርናትም)። እዚህ እኔ ፎርን ከብሬክ ጋር ነው የምመርጠው፦

ብር = 0
ቁጠባ = 2000
ፎር ወር ኢን ሬንጅ(1, 13):
    ብር = ብር + ቁጠባ
    ቁጠባ = ቁጠባ + 500
    ኢፍ ብር >= 45000:
        ፕሪንት("ሞላ", ወር, ብር)
        ብሬክ
ኤልስ:
    ፕሪንት("አልሞላም", ብር)

ወሩን የሚቆጥረው ፎር ራሱ ስለሆነ ወር = ወር + 1 የሚለው መስመር ቀርቷል፣ ሂሳቡ ቢሳሳት እንኳን ሉፑ ከ12 ዙር በላይ መሄድ አይችልም። ኤልሱ ከኢፍ ጋር ሳይሆን ከፎር ጋር እኩል እንደተጻፈ ልብ በሉ፣ የሚሰራው ሉፑ ብሬክ ሳያገኝ እስከ መጨረሻው ከዞረ ብቻ ነው። እንዳለ ራን ስታደርጉት "ሞላ 11 49500" ይላል። 45000ን 60000 አድርጋችሁ ደግማችሁ ራን አድርጉት፣ 12ቱንም ወር ይዞርና "አልሞላም 57000" ይላችኋል።